ማፈኛ፣ ለልጁ ጊታር

ሰኞ፣ ወሩ በገባ በ፫ኛው ቀን

ለተከበሩ አባቴ፣

ስለ ጤናዎ አልጠይቅም። ብጠይቅ «ደህና ነኝ» እንደሚሉኝ ስለማውቅ ያንን መልስ ከወዲሁ ተቀብዬዋለሁ፤ ቦታውን ለሌላ ነገር ይጠቀሙበት። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። የድምፅ መሣሪያ መጠገኛ ጠረጴዛዎን በየቀኑ እወለውላለሁ፤ ዛሬ መበየጃውን እስካነሣሁበት ሰዓት ድረስ አንድም ዕቃ ከቦታው አላንቀሳቀስሁም።

ለጠየቁኝ ነገር መልሴ «እሺ» ነው። ለወንድሜ ጊታር ያሰቡትን፣ በእግር የሚረገጠውን ፔዳል እሠራዋለሁ። ብየዳ እንደማልችል ያውቃሉ፤ የማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፣ ከቀይ እስክሪብቶ የበለጠ የሚያቃጥል መሣሪያ በእጄ ይዤ አላውቅም። ነገር ግን እርስዎ ደረጃ በደረጃ ከጻፉልኝ፣ እኔ እንደተጻፈው አደርጋለሁ። ጎረቤታችን ሹፌሩ አንድ ቀን እርስዎ ወዳሉበት ከተማ ይነዳል፣ በማግሥቱ ይመለሳል፤ ደብዳቤ መያዝ አይከብደኝም ብሏል። ሐኪሞቹ ብዙ እንዳይናገሩ ስለ ከለከሉዎት ስልክ ለሁለታችን እንደማይረባን እስማማለሁ።

ሁለተኛውንም ልመልስ። ወንድሜ ሆስፒታል መግባትዎን ከእኔ አፍ አይሰማም። ቃል ሰጥቻለሁ። ግን ቃል የሰጠሁበትን ነገር በግልጽ ልጻፈው፤ ያልተጻፈ ስምምነት ኋላ ሁሉም እንደሚመቸው አድርጎ ያነበዋልና። ሰኞ በ፳፬ የድምፅዎን ሣጥን ከጉሮሮዎ ያወጡታል። ከዚያ ወዲያ በድምፅ አይናገሩም። ወንድሜ ዓርብ በ፳፩ ከባንዱ ጋር ለሦስት ሳምንት ጉዞ ይነሣል። እስከዚያ ካልሰማ፣ ሲመለስ የሚያገኘው ድምፅ የሌለው አባት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከቤት ሲወጣ ከእርስዎ የሰማው «አፍነው» የሚል ቃልም የመጨረሻው ቃል ሆኖ ይቀራል። ይህን እያወቁ ነው «ዝም በይ» ያሉኝ፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ነው እሺ ያልሁት። አልነግረውም። አልዋሸውምም። ሁለቱ አብረው እንዲኖሩ እሞክራለሁ።

ልጅዎ


ረቡዕ፣ በ፭

ለአራት ነጥብ፣

እቤት አንተ፣ ወረቀት ላይ አንቱ። ፖስታ ውስጥ ስገባ ነው የማረጀው ማለት ነው። የክፍሉ ነርስ ደብዳቤሽን በትከሻዬ በኩል አየችና «ልጅህ ዳኛ ናት?» አለችኝ። «የባሰች ናት፣ አራሚ ናት፤ አራት ነጥብ የምላት ለዚህ ነው» ብዬ ጻፍኩላት።

ወደ ሥራችን። ወንድምሽ ክሩን ሲመታው የድምፁ መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ይወድቃል፤ ጅራቱ ደግሞ ማንም ሳይሰማው ይጠፋል። ይህ ሣጥን ጠንካራውን ይይዘዋል፣ ደካማውን ያነሣዋል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ድምፁ ሲበረታ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል ትደምቃለች። ፊት ለፊቷ ኤሌክትሪክ የሚገታ አንድ ተከላካይ አለ፤ እኛ «ዐይን» ነው የምንለው። ዐይኑ ብርሃን ሲያይ ድምፁን ዝቅ ያደርገዋል፤ አምፖሏ ስትደበዝዝ ይለቀዋል። አምፖሏንና ዐይኑን አፍ ለአፍ አድርገሽ ትንሽ ቱቦ ውስጥ ትከቻቸዋለሽ። የቀረው ሁሉ በላክሁልሽ ሥዕል ላይ አለ። ዕቃው በግራ በኩል በሁለተኛው መሳቢያ ነው፣ በየቆርቆሮው ላይ ስሙ ተጽፏል። ብየዳው ካበራ ጥሩ ነው፤ ከደበዘዘ ቀዝቃዛ ነው፣ ድገሚው። ስትበይጂ አትተንፍሺ፤ ጭሱ ለሳንባ አይሆንም። ይሄው፣ ስለ ሳንባ የምመክር ሰው ሆንኩ።

ከየት አመጣሽው ካለ፣ ከገበያ ገዛሁት በይው። አለቀ።

አባትሽ


ቅዳሜ፣ በ፰

ለተከበሩ አባቴ፣

«ከገበያ ገዛሁት» አልልም። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁት የቀረውን ደብዳቤ በሰላም እንዲያነቡት ነው።

እንደሚያውቁት እኔና ወንድሜ ሐሙስ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ማተሚያ ቤቱ በር ላይ እንገናኛለን። ከትናንት በስቲያም መጣ። ስለ እርስዎ አልጠየቀም። ስለ ፖስተሩ ብቻ አወራኝ፤ ስሙ በፖስተር ላይ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፣ አንድ ፊደልም ተሳስተውበታል። «አንቺ ብታርሚው ኖሮ» አለ። እስኪለየኝ ድረስ የሚቀጥለው ቃሉ ምን ይሆን እያልሁ አፍ አፉን ሳይ ቆየሁ።

ፔዳሉ ተበይዶ አልቋል። አሥራ አንድ ቀዝቃዛ ብየዳ አገኘሁና ደገምኋቸው። አውራ ጣቴ በትንሹ ተቃጥሏል፤ ይህን የምነግርዎ የእጅ ጽሕፈቴ ስለ ተበላሸ ይቅርታ ለመጠየቅ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ዕቃ በሥዕሉ ላይ በቀይ ምልክት እያደረግሁ ሦስት ጊዜ አመሳከርሁ። ወንድሜ ጥሎት በሄደው፣ ሦስት ክር በቀረው አሮጌ ጊታርም ሞከርሁት። ድምፁ ያልፋል፤ ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደሚያወራ ሰው ነው። ቀስ ብዬ ብመታም፣ አጥብቄ ብመታም ያው ነው። ዐይኑ ሁልጊዜ እንደ ተጫነው ነው፤ አንድም ጊዜ አይለቀውም።

ሥዕሉና ሥራዬ በአንዲት ነጥብ እንኳ አይለያዩም። ስለዚህ ወይ ሥዕሉ ተሳስቷል፣ ወይ እኔ ማየት የማልችለው ስሕተት አለብኝ። ሁለተኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። ቀኑ ደግሞ እየሄደ ነው።

ልጅዎ


ማክሰኞ፣ በ፲፩

ለአራት ነጥብ፣

ሥዕሉ አልተሳሳተም። አንቺም አልተሳሳትሽም። የተሳሳተው ጥንቃቄሽ ነው።

ልገምት። ያንን የጠረጴዛዬን ትልቅ መብራት አፍንጫሽ ድረስ ስበሽ ነው የሠራሽው። ስትሞክሪውም መብራቱ እንደ በራ፣ ክዳኑ እንደ ተከፈተ፣ ስሕተት ካለ ልየው ብለሽ አፍጥጠሽበት ነው። አሁን መጋረጃውን ዝጊ፣ መብራቱን አጥፊ፣ ከዚያ ምቺው። ሌላ አንድም ነገር አትንኪ።

ስለ ምርመራው ላልጠየቅሽኝ፦ ሐኪሙ መጥቶ ነበር፣ ሄደ። ስለ ምግቡ፦ በማንኪያ ነው። ስለ እንቅልፍ፦ የአልጋ ጎረቤቴ ሲያንኮራፋ ሃምሳ ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የመሬት ሽቦው ስላልተያያዘ የሚያጉረመርም ማጉያ ይመስላል። ሐኪሙ በቀን ሃያ ቃል ፈቅዶልኛል፤ እኔ ግን የማወራው ሰው ስለሌለ ሃያውን ይዤ ነው የምተኛው።

ደግሞም አስቢበት። ያ ዐይን የሚሠራው ሲሸፈን ነው። አንዳንድ ነገር ካልተሸፈነ ይበላሻል። ስለ ወንድምሽ ያልኩሽም ይኸው ነው።

አባትሽ


ዓርብ፣ በ፲፬

ለተከበሩ አባቴ፣

መጋረጃውን ዘጋሁ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ ከሦስቱ ክሮች አንዱን መታሁ። የመጀመሪያው ምት ለስልሶ ወጣ፤ ጅራቱ ግን አልወደቀም፣ ክፍሉ ውስጥ ቆመ። ስንት ቆጥሬ እንደ ጨረስሁ አላውቅም፤ እኔ የማልቆጥረው ነገር ጥቂት ነው። «ትንሽ ቱቦ» ስላሉኝ የተጠቀምሁት ነጭ የመጠጫ ቱቦ ነበር፤ ብርሃን ያስገባል። በሥዕሉ ላይ «ጥቁር» የሚል ቃል ስለሌለ አልመጣልኝም። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስለ መሸፈን የጻፉትን ግን አልቀበልም። ዐይኑ የሚሸፈነው ያችን አንዲት መብራት በትክክል እንዲያይ ነው እንጂ ምንም እንዳያይ አይደለም። እርስዎ መብራቷንም አውጥተው ቱቦውን መዝጋት ነው የፈለጉት።

ትናንት ሐሙስ ነበር። የፈራሁት ደረሰ። ሳንድዊቹን እየቆረሰ፣ ሌላ ሌላ እያየ «ሽማግሌው አሁንም ሬዲዮ ላይ እንደ ተደፋ ነው?» አለ። «ይህንን ጥያቄ የሚመጣው ሐሙስ ጠይቀኝ» አልሁት። «አንቺ ደግሞ ለጥያቄም ቀጠሮ ጀመርሽ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን እስከ መንገዱ ማዶ አልደረሰም።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ልምጣ። ጥቁር ቱቦ ፍለጋ የታችኛውን መሳቢያ ከፈትሁ። የሥራ ደብተርዎን አገኘሁት። ሳላስፈቅድ አንብቤዋለሁ፤ ለዚህ በሌላ ቀን እጠየቃለሁ። በአንድ ገጽ ላይ «የስብሰባ አዳራሹ ማፈኛ» ይላል። በሌላው «የተናጋሪው ማይክሮፎን ማፈኛ» ይላል። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ለእኔ የላኩልኝ ሥዕል ደጋግሞ ተሰርዞ ተደልዞ አለ፤ ከበላዩም «ማፈኛ፣ ለልጁ ጊታር» ተብሎ ተጽፏል። ቀኑ ወንድሜ ከቤት ከመውጣቱ አሥራ ሰባት ቀን በፊት ነው።

አባቴ፣ እኔ ኑሮዬ በቃል ነው። ወንድሜ «አፍነው» ሲባል ድምፁን እንዲገድል የታዘዘ መስሎት ሄደ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያው አነበብሁት። እርስዎ ግን ለካ የሙያዎን ቃል ነበር የተናገሩት፤ ማፈን ለእርስዎ ጠንካራውን ድምፅ ይዞ ደካማውን ማንሣት ነው። እንዲህ ከሆነ ይጻፉልኝ። ከቃሌም ይፍቱኝ።

ልጅዎ


እሑድ፣ በ፲፮

ለአራት ነጥብ፣

እንዲህ ነው።

እኔ ከኋላው ክፍል ነበርኩ፣ እሱ ሳሎን። መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። ሲመታው ማጉያው ይሰነጠቃል፤ ያ የሚያምረው ጅራት ደግሞ ከሥሩ ይቀበራል። ለሁለት ሳምንት ሌሊትና ቀን ይህን እያሰብኩ ሥዕሉን ጨርሼ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር እንኳ። «አፍነው» ብዬ ጮህኩ። ና እዚህ፣ መላ አግኝቼልሃለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ጩኸት በላይ ሌላ ቃል አይሰማም። እሱ የሰማው ይህችኑ ነው። ጊታሩን ሲያነሣ «ድምፄን ልታፍን ነው የምትፈልገው» አለ። እኔ ደግሞ ካውያ እንደ ነካ ሰው እጄን ሰበሰብኩ። እንዲህ ያስባል ለካ አልኩ። ካሰበማ ይሂድ አልኩ። ማታውኑ ሄጄ ባስረዳው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። በሳምንቱ ሁለት ገጽ ሆነ። በዓመቱ ልመና ሆነ።

አልፈታሽም። ስሙ ፖስተር ላይ የወጣው ዘንድሮ ነው። አባቱ ስለ ታመመ ሳይሆን ስለ ፈለገ እንዲመጣ ነው የምፈልገው። ስለ ታመምኩ የተመለሰ ልጅ ለእኔ ተመለሰ አልልም፣ ለበሽታው ነው። ይህን ያህል ኩራት ይፈቀድልኝ።

ጥቁር ወረቀት ልኬልሻለሁ። የራጅ ፊልሜ የመጣበት ፖስታ ነው፤ ውስጡ እንደ ከሰል ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም። በመቀስ ቆርጬልሻለሁ፣ ልክ ይሆናል። መድረክ ላይ መብራት በመሰኪያው ቀዳዳ ሳይቀር ስለሚገባ ክዳኑ ብቻ አይበቃም። ሁለት ዙር ጠቅልይው። ጥቁሩ ወደ ውስጥ፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ ይሁን።

አባትሽ


ማክሰኞ፣ በ፲፰

አባዬ፣

ወረቀቱ ደርሶኛል። ቱቦው ላይ ለክቼዋለሁ፣ ልክ ነው። ገና አልለጠፍሁትም።

በውጭው በኩል የሆስፒታሉ ነጭ መለያ ተለጥፎበታል። ከፖስታው ቆርጠህ የላክኸው ያንን ቁራጭ ነው። ፖስታው ሰፊ ነው፤ መለያ የሌለበት ብዙ ጥቁር ወረቀት ነበረህ። በመለያው ላይ የስምህ ግማሽ አለ፣ የአልጋ ቁጥርህ አለ፤ «ጉሮሮ፣ ቀዶ ጥገና፣ ሰኞ ፳፬» የሚልም አለ። ሁለት ዙር ስጠቀልለው ይህ መስመር ከላይ ይውላል። አንድም ፊደል አይሸፈንም።

አንተ ያሳደግኸው ልጅ የተዘጋ ሣጥን ሳይከፍት አይተውም። የልደት ስጦታውን ሰዓት በዚያው ቀን በትኖ ምሳ ሰዓት ላይ የገጠመ ልጅ ነው። ፔዳሉን በሰጠሁት በሩብ ሰዓት ውስጥ ክዳኑን ይፈታዋል። ይህንን እኔ አውቃለሁ፤ አንተም ታውቃለህ።

ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። አውቀህ ነው? እኔ አራሚ ነኝ፤ ያነበብሁትን እንዳላነበብሁ መሆን አልችልም። «ወረቀቱ ነገረው እንጂ እኔ አልነገርሁትም» ብዬም ራሴን አላታልልም። ቃል የሰጠሁህ ፊደሉን ብቻ አይደለም። አውቀህ ከሆነ አንዲት ቃል ጻፍልኝ። ሳታውቅ ከሆነም ጻፍልኝ። ነገ ማታ ሹፌሩ ሲመለስ ከአንተ ምንም ካልያዘ፣ መለያውን በውሃ አርሼ እልጠዋለሁ፤ ጥቁሩ ብቻ ይቀራል። ስጠራጠር ቃሌ ነው የሚጸናው። ከነገ ወዲያ ሐሙስ ነው፤ ፔዳሉን እሰጠዋለሁ። ዓርብ ይሄዳል።

አንተ ማለቴን አሁን አየሁት። እንደ ገና ልጽፈው አሰብሁ፤ ሹፌሩ ግን በር ላይ ነው። ይቅር በለኝ።

ልጅህ


ረቡዕ፣ በ፲፱

ለአራት ነጥብ፣

ጥቁሩ ወደ ውስጥ፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ ነው ያልኩት።

ለአንተታው አልተቀየምኩም።

አባትሽ


ሐሙስ፣ በ፳

አባዬ፣

የተፈጸመውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ስሜቴን ከጨመርሁበት ቅደም ተከተሉ ይጠፋብኛል።

በስድስት ሰዓት ተኩል መጣ። ጊታሩን አዝሏል፣ ለጉዞው የገዛትን በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ማጉያም ይዟል። ወደ ወረቀት መጋዘኑ አስገባሁት፤ እዚያ የወረቀቱ ክምር ድምፅ ስለሚውጥ ማንም አይሰማንም። ፔዳሉን ሰጠሁት። «ማን ሠራው?» አለ። «እኔ በይጄዋለሁ» አልሁ። «ሥዕሉስ?» አለ። «ሥዕሉ የእኔ አይደለም» አልሁ። ከዚያ ምንም አልጠየቀኝም። ሰካው፣ መታው። ጅራቱ እስኪያልቅ ዐይኑን ጨፍኖ ቆየ። ሁለተኛ መታው። «ይኼ ሁሌ እዚያ ነበር ማለት ነው?» አለ፤ ድምፁን ማለቱ ነው።

ከዚያ ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ብሎኖቹን ፈታ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

ቱቦውን አየው። ወደ መስኮቱ ወሰደው። እኔ ከወረቀቱ ክምር አጠገብ ቆሜ እጆቼን የማደርግበት አጣሁ። ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። «አንቺ አራሚ ነሽ» አለኝ። «ቀኑ ስሕተት ነው በይኝ።»

«ስሕተት የለበትም» አልሁት።

«ከዚያ በኋላ ይናገራል?»

«አይናገርም» አልሁት። ቃሌን ያፈረስሁት ወይም የፈጸምሁት እዚህ ላይ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ አንተ ፍረድ። ደብተርህንም አወጣሁና የመጨረሻውን ገጽ ከፍቼ ሰጠሁት። ርእሱን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ቀኑን በጣቱ ቆጠረ፣ ወደ ኋላ። ስንት ላይ እንደ ደረሰ አውቃለሁ፤ አሥራ ሰባት ላይ ጣቱ ቆመ።

ክዳኑን መልሶ ገጠመው። ጊታሩን አዘለ። ጃኬቱን ረስቶ ሄደ። ስጠራው አልዞረም። ከበሩ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ በዚያ በኩል የአውቶብስ መናኸሪያውም አለ፣ የባንዱ ቤትም አለ። ስልኩ ዝግ ነው። የባንዱ መኪና ነገ ጠዋት ይነሣል። የት እንዳለ አላውቅም፤ ብታውቅ ጻፍልኝ።

እሑድ እመጣለሁ። ጃኬቱን ይዤ እመጣለሁ።

ልጅህ


ቅዳሜ፣ በ፳፪

ለአራት ነጥብ፣

ጃኬቱን ወደዚህ አምጪው።

ትናንት ከምሳ በፊት መጣ፤ አንድ ሌሊት ሙሉ መናኸሪያ ላይ ተቀምጦ የነጋበት ፊት ይዞ። የባንዱ መሪ «ማክሰኞ ካልደረስክ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎታል። ይደርሳል፣ አስምዬዋለሁ። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሁለታችንም ጣራውን አየን። ከዚያ የሚያንኮራፋውን ጎረቤቴን ጠቁሞ «ይህ ሰውዬ መሬት አልተያያዘም እንዴ?» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲናፍቀኝ የነበረ ወሬ ይኸው ነው።

ሃያ ቃሌን በአንድ ጊዜ እንዳልጨርስ ወረቀት ላይ እጽፍለት ጀመር። እርሳሱን ከእጄ ቀማኝ። «በአፍህ» አለ። «ያን ቀን ያልከኝን በአፍህ ድገምልኝ።» መጀመሪያ ምታ አልኩት በእጄ።

ነርሷ በር ላይ ቆማ «እዚህ ጊታር አይመታም» አለች። የዛሬውን ብቻ አሳልፊው ብሎ ለመናት። ሰዓቷን አየችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ማጉያዋን ቀንሶ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠ። ፔዳሉን መሬት ላይ አደረገ፣ ግን አልረገጠውም። መታው። ያው ነው፤ የመጀመሪያው እንደ ድንጋይ ወደቀ፣ ብርጭቆዬ ተንቀጠቀጠ፣ ጅራቱ ጠፋ። ዞሮ አየኝ።

ድምፄ ከዚያ ከመጠጫ ቱቦሽ አይወፍርም ነበር፤ ግን ወጣ።

«አፍነው» አልኩት።

በእግሩ ረገጠው፣ እንደ ገናም መታው።

አባትሽ